ቀለም ሲፈስ እጅ ምን ይሠራል?

(ይህ ጽሑፍ ሐዋሳ ውስጥ ለሥዕል ጀማሪዎችና ለሥዕል ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ጠረጴዛ ላይ እየሠራሁ ያሳየሁትን እዚህ በቃል ገልጬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ደስ በሚል ከሰዓት ሐይቅ ዳር መቀመጥ ስትችሉ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምናወራው አክሪሊክ የሚባለውን በውሃ የሚቀጥን ቀለም አፍስሶ አብስትራክት ሥዕል፣ ማለትም የታወቀ ነገር መልክ የማይይዝ ሥዕል ስለመሥራት ነው። አብዛኞቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። አንድ ሰው ኩባያ ውስጥ ቀለም ይደራርባል። ኩባያውን ሸራው ላይ ይደፋዋል። ከዚያ ያነሣዋል። ቀለሙ ይዘረጋል፣ ይጠማዘዛል፣ ክብ ክብ ዓይን ያወጣል። ቪዲዮው ሳይታሰብ ያልቃል። ከሥሩ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይጻፋል። አንዱ «ይሄንንማ እኔም እችላለሁ» ይላል። ሌላው «ይሄ ዕድል እንጂ ሥዕል አይደለም» ይላል።

ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። ለመጀመር በእርግጥ ቀላል ነው። ዕድልም አለበት፤ ቀለሙ ያለ እኛ ትእዛዝ የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን እኔ ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ሌላ ነው። የፈሰሰ ቀለም ሥዕል የሚሆነው ሰው ሲወስንበት ነው። ሠዓሊው ከማፍሰሱ በፊት ይወስናል። እያዘነበለም ይወስናል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ትልቁን ውሳኔ ይወስናል። በውስጥ ስሜት መሥራት የምንለውም ይኸው ነው። ስሜቱን ተከትሎ የትም መድረስ የሚችለው ቁሱን የለመደ እጅ ነው። ያልለመደ እጅ የሚከተለው ቀለሙን ነው።

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። ቀለም ማፍሰስ ስልክ ያመጣው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ ኒውዮርክ ውስጥ የሙከራ ወርክሾፕ ከፍቶ ነበር። እዚያ የተሰበሰቡት ሠዓሊዎች የመኪና ቀለም ሳይቀር እያመጡ ያፈስሱ፣ ይረጩ፣ ያንጠባጥቡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ወጣቱ ጃክሰን ፖሎክ ነው። ፖሎክ በ1947 ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ በማንጠባጠብ መሥራት ሲጀምር ነገሩ እንግዳ አልነበረም። በ1952 ደግሞ አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሄለን ፍራንከንታለር ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለች ምንም ያልተቀባ ሸራ መሬት ላይ ዘረጋች። የቀጠነ የዘይት ቀለም አፈሰሰችበት። ቀለሙ ክሩ ውስጥ ሰርጎ ገባ። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ለሠዓሊዎች ገበያ ላይ የዋለው ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የዚያ ዘር ነው።

እኛም አብስትራክት ለሚባለው ነገር ባዕድ አይደለንም። በአብስትራክት ሥዕሎቹ የሚታወቀው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ፣ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም እዚያው አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ዛሬ አክሪሊክና የጽሕፈት ቀለም ንብርብር አድርጋ በምትሠራቸው ግዙፍ አብስትራክት ሥዕሎች በዓለም ትታወቃለች። ስለዚህ ዘመድ ጓደኛ «ይሄ ምንድነው? ምን ይመስላል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ አትሸማቀቁ። ረጅም ታሪክ ያለው ሥራ ነው የያዛችሁት።

አሁን ወደ ቁሱ።

ጠረጴዛው ላይ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ አለ። ለጀማሪ ከሸራ ይልቅ ሰሌዳ እመርጣለሁ። የተወጠረ ሸራ ፈሳሽ ሲበዛበት መሃሉ ይረግባል። ቀለሙም ወደ መሃል ይሄድና ይጠራቀማል። ሰሌዳ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኤምዲኤፍ ውሃ ስለሚጠጣ ቀድማችሁ ፊቱንም ጠርዙንም ሁለት እጅ ነጭ ቀቡት። ከዚያ በአራት የተገለበጡ ኩባያዎች ላይ አስቀምጡት፤ የሚንጠባጠበው ቀለም ከሥር ካለው ካርቶን ላይ ያርፋል። ግንበኛ የሚጠቀምበትን ውሃ ልክ ተውሳችሁ በሁለቱም በኩል ለኩት። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ይንቃታል። ሰሌዳው በትንሹ ካዘነበለ ግን እናንተ እራት በልታችሁ እስክትመለሱ ሥዕሉ ቀስ እያለ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ይጠብቃችኋል።

ምን ያህል ቀለም ይበቃል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 40 በ50 ሲባዛ 2000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በላዩ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው 200 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋል። ከጫፍ የሚፈሰውን ስትጨምሩ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ አዘጋጁ። ሲያንስ መጥፎ ነው። ጥጉ እንዲሸፈን ብላችሁ አብዝታችሁ ታዘነብላላችሁ፤ መሃሉ ላይ የነበረው መልካም ነገር ተለጥጦ ይጠፋል።

የቱቦ አክሪሊክ ወፍራም ስለሆነ እንዳለ አይፈስም። መቅጠን አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። ውሃ ርካሽ ነውና ውሃ እናበዛለን። አክሪሊክ ግን ቀለሙን ከሰሌዳው ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ በውስጡ አለው። ውሃ ሲበዛ ሙጫው ይሳሳል። ሲደርቅ ደብዛዛ ይሆናል፤ ይሰነጠቃል፤ በጣት ሲነካም ዱቄት ይሰጣል። ውሃው ከቀለሙ ሲሶ ባያልፍ ይመረጣል። የቀረውን ማቅጠን ለዚሁ በተሠራ ማፍሰሻ ሚድየም፣ ማለትም ሙጫውን ሳያሳሳ ቀለሙን በሚያቀጥን ፈሳሽ አድርጉት። ሚድየሙ በከተማችን ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ዋጋው ይከብዳል። ለልምምድ አናጺ የሚጠቀምበት ነጭ ኮላ ይሠራል። ሁለት እጅ ኮላ፣ አንድ እጅ ውሃ አዋህዱ። ከዚያ ቀለሙን ጨምሩበት። ለሽያጭ ወይም ለዓመታት ለሚቀመጥ ሥራ ግን ኮላ አልመክርም። አንዳንዱ ኮላ ከጊዜ ጋር ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሲሞቅም ይለሰልሳል።

ቅጥነቱን የምታውቁት በዓይን ነው። ማማሰያውን ዱላ ነክራችሁ ከፍ አድርጉት። ቀለሙ ሳይቆረጥ እንደ ቀጭን ክር መውረድ አለበት። ኩባያው ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይ መስመር ይሠራል፤ መስመሩም በአንድ ሁለት ሰከንድ ይጠፋል። መስመሩ ተጋድሞ ከቀረ ወፍራም ነው። ምንም ምልክት ሳይሠራ ከሰመጠ ቀጥኗል። ሁሉም ቀለሞቻችሁ አንድ ዓይነት ቅጥነት ይኑራቸው። አንዱ ከቀጠነ ሌሎቹን ሰንጥቆ እየሮጠ ጭቃ ያደርጋቸዋል። በቀስታ አዋህዱ እንጂ አትምቱት፤ ከመታችሁት አረፋ ይሞላል። ከተዋሃደ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ አረፋው በራሱ ይወጣል።

የቀለም ምርጫው ጋ ደግሞ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስሜት የሚባለው ነገር ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ነው።

ጀማሪ ያለውን ቀለም ሁሉ ያፈስሳል። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፣ ሐምራዊ። ኩባያው ውስጥ ያምራል። ሰሌዳው ላይ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይገባና ቡናማ ይወጣል። ቀይና አረንጓዴ ሲቀላቀሉ ምን እንደሚሆኑ ታውቃላችሁ። እኔ ሦስት ቀለም በቂ ነው እላለሁ። አንዱ ነጭ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ በሌሎቹ መካከል ገብቶ ያስተነፍሳቸዋል።

ሦስቱን ከየት ታመጣላችሁ? ከዓይናችሁ። ነገ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱትና አንድ ቦታ ተቀመጡ። አባ ኮዳን እዩት፤ ያን ዓሣ ሲጠብቅ የሚውለውን ትልቅ ወፍ። ሁላችንም ስለለመድነው አናየውም። ጀርባው ወደ አመድ የሚያደላ ጥቁር ነው። ሆዱ ነጭ ነው። ራሱና አንገቱ ደግሞ ላባ የለሽ ሆኖ ቀላ ያለ ሮዝ። አለቀ፤ ሦስት ቀለም አገኛችሁ። ዛሬ እዚህ ኩባያዎች ውስጥ ያዘጋጀሁት እነዚህን ነው። ከብዙ ግራጫና ከብዙ ነጭ መሃል ጥቂት ሮዝ። መጠኑም ከወፉ የተወሰደ ነው፤ ሮዙ ትንሽ ስለሆነ ነው ዓይን የሚይዘው።

ልብ በሉ፤ ወፉን አንሥልም። ማንም ሰው ሥዕሉን አይቶ አባ ኮዳ እንዲል አልፈልግም። የወሰድነው ቀለሞቹን፣ ምጣኔያቸውንና ያን የቆመ ዝምታውን ነው። ሌላው ከእናንተ ደግሞ የሲዳማን ቀይ አፈርና የእንሰት ቅጠል ይዞ ይመጣ ይሆናል። ሌላዋ የእናቷን ነጠላና የጥለቱን አንድ ክር። ዓይታችሁ የመረጣችሁት ቀለም እጃችሁን ይመራዋል። መደብር ውስጥ ስላማረ ብቻ የተገዛ ቀለም ግን እጅን የትም አያደርስም።

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ነገር ላይ ደረስን፤ ዓይኑ። እነዚያ ክብ ክብ ነገሮች እንዴት ይወጣሉ?

ቅድም ያነሣሁት ሲኬይሮስ ይህን አይቶት ነበር። አንዱን ቀለም በሌላው ላይ ሲያፈስስ፣ የላይኛው እየተበሳ የታችኛው ብቅ ይል ነበር። እሱ ያገኘው ነገር ከ80 ዓመት ገደማ በኋላ ላቦራቶሪ ገባ። የሜክሲኮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ነጭና ጥቁር ቀለም ወስደው ሞከሩ። ነጩ ከጥቁሩ ይከብዳል። ነጩ ከላይ ሲሆን አይረጋም፤ ክብደቱ ወደ ታች ይስበዋል፣ ቀላሉ ጥቁር በየቦታው ሰንጥቆ ይወጣል። ጥቁሩን ከላይ ሲያደርጉት ግን ምንም አልሆነም፤ ረግቶ ተቀመጠ። የፊዚክስ ሰዎች ይህን የሬይሊ–ቴይለር አለመረጋጋት ይሉታል።

ነጩ የከበደበት ምክንያት አለው። ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው። ከእኩል መጠን ውሃ 4 እጥፍ ገደማ ይመዝናል። ጥቁር የሚያደርገው ካርቦን 2 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይን ከፈለጋችሁ ከባዱ ከላይ ይሁን፤ ዓይን ካልፈለጋችሁ ከታች። በእጃችሁ ያለውን ቀለም ክብደት ለማወቅ ስሪንጅ ግዙ። መርፌውን ጣሉት። ከተዘጋጀው ከእያንዳንዱ ቀለም 10 ሚሊ ሊትር እየሳባችሁ በትንሽ ሚዛን መዝኑና ጻፉት። ያቺ ትንሽ ወረቀት ከብዙ ቪዲዮ ትበልጣለች።

ብዙ ሰው ዓይን እንዲበዛ ሲሊኮን ዘይት ያንጠባጥባል። ዓይን ያወጣል፤ አይካድም። እኔ ግን አልጠቀምም፤ ለእናንተም አልመክርም። ቀለሙ ሲደርቅ ዘይቱ ላዩ ላይ ይቀራል። በደንብ ካልጸዳ በቀር ቫርኒሽ አይዝለትም፤ ሁለተኛ ቀለምም ይሸሸዋል። እኔ ደግሞ ሥዕሉን ከደረቀ በኋላ ተመልሼ እሠራበታለሁ፤ በሩን ራሴ ላይ መዝጋት አልፈልግም። ሌላም ምክንያት አለኝ። ሰሌዳው ሁሉ ዓይን በዓይን ሲሆን የምታዩበት ቦታ ይጠፋል። ሦስት አራት ዓይን በአንድ ጥግ፣ ቀሪው ሰፊና ጸጥ ያለ ቢሆን ለእኔ ይበልጣል። ይህ የእኔ ምርጫ ነው። እናንተ ሞክራችሁ ትፈርዳላችሁ።

እንግዲህ እናፍስስ።

መጀመሪያ ሰሌዳውን በሙሉ በቀጭኑ ነጭ አረጥበዋለሁ። እርጥብ ሲሆን የሚፈሰው ቀለም ሳይያዝ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ኩባያ ውስጥ ቀለሞቹን እደራርባለሁ። ግራጫ፣ ነጭ፣ ትንሽ ሮዝ፣ እንደገና ግራጫ፣ ነጭ። አላማስለውም። ኩባያውን ዝቅ አድርጌ ከሰሌዳው ግራ ታችኛ በኩል በቀጭኑ እያዞርኩ አፈስሳለሁ። የተቆረጠ ግንድ ላይ የምታዩት ዓይነት ቀለበት እየተሠራ ነው። መሃል ላይ አለማፍሰሴን አያችሁ? ሁሉም ሰው እጁ ወደ መሃል ይሄዳል። መሃል ላይ የተቀመጠ ነገር ግን ወዴትም አይሄድም።

አሁን ቀለሙ ቆሟል። እጄ ባዶ ነው። እዚህ ጋ ዝም እላለሁ። ሙዚቃ ካለ ይዘጋ። ጥቂት አያለሁ። የትኛው ቀለበት ሰፍቷል? ሮዙ የት ገባ? ሰሌዳውን ከማንሣቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ እወስናለሁ፤ የማይነካ ቦታ። ዛሬ ላይኛው ቀኝ በኩል ያለው ነጭ ይቅርልኝ ብያለሁ። የቀረውን እጄ ያውቃል።

ሰሌዳውን በሁለት እጄ ይዤ በጣም ቀስ ብዬ ወደ አንድ ጥግ አዘነብላለሁ። ቀለሙ ከማዘንበላችሁ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። ይህን መዘግየት መልመድ አለባችሁ። ሲሮጥ ካያችሁት አብዝታችኋል። ጥጉ ሲሸፈን ወዲያው ወደ መሃል መልሱትና ከዚያ ወደ ሌላው ጥግ ሂዱ። መሃል ሳይመለስ ከጥግ ወደ ጥግ ከዞረ ከአንድ ጎን ብቻ ይፈስሳል፤ ያማረው ቅርጽ ካርቶኑ ላይ ይወድቃል። ከጫፍ የወደቀ ቀለም አይመለስም።

የት ላይ ላቁም? ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። ቀለበቶቹ ወይም ዓይኖቹ ከክብነት ወደ ረጅም መስመር መለጠጥ ሲጀምሩ መጠንቀቅ እጀምራለሁ። የሮዙ ጠርዝ ከግራጫው ጋር መደብዘዝ ሲጀምር አቆማለሁ። ከእነዚህ በፊት ደግሞ እጄ በራሱ የሚያመነታበት ቅጽበት አለ። ያቺን ማመንታት አክብሯት። አንድ ጥግ ባይሸፈን እንኳ በጣታችሁ ቀለም ነክታችሁ ትሸፍኑታላችሁ። ለአንድ ጥግ ብላችሁ ሥዕሉን አትሰውት።

ያቺ ማመንታት በልምምድ ነው የምትመጣው። የምመክረው ልምምድ ርካሽ ነው። የሕንፃ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ቤቶች የተራረፈ ሴራሚክ ለምኑ። ከእጅ መዳፍ ትንሽ የሚበልጥ ይበቃል። ያንኑ ሦስት ቀለም ደጋግማችሁ አፍስሱ። በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አንዴ ቅደም ተከተሉን፣ አንዴ የኩባያውን ከፍታ፣ አንዴ የማዘንበሉን ፍጥነት። ሳይደርቅ ጠርጋችሁ እንደገና ትጠቀሙበታላችሁ። ጥቂት ሳምንት እንዲህ የሠራ ሰው እጁ ከአፉ ቀድሞ ይመልሳል።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። ኩባያውን ገልብጦ ሰሌዳው ላይ መድፋት፤ አንዱን ቀለም በእርጥብ ወረቀት በሌላው ላይ በስሱ መጥረግ፤ በስትሮ ወይም በፀጉር ማድረቂያ መንፋት። በስትሮ ስትነፉ ጠርዙ እንደ ቅጠል ይሳሳል፤ በጣም ያምራል። ሁሉንም ግን በአንድ ሥዕል ላይ አትሞክሩ።

አሁን ስለ መድረቅ። ሐዋሳ ላይ ይህ የራሱ ጉዳይ ነው። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣል። ላዩ ቶሎ ይደርቅና ቆዳ ይሠራል፤ ውስጡ ገና ፈሳሽ ነው። ውስጡ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ማዘግየት ነው። ጠዋት አፍስሱ። ከዚያ ሳይነካው ካርቶን ደፉበትና በአንድ በኩል ትንሽ አየር ተዉለት። ፀሐይ ላይ አታውጡት፤ ቬንትሌተርም አትክፈቱበት። ማታ መብራት ላይ ከሚሰበሰቡት ትንኞችም ካርቶኑ ያድንላችኋል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲበዛ ሁለት ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ታገሡት። ቫርኒሽ ለመቀባት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ከእንቅልፋችሁ ተነሥታችሁ ስታዩት ሌላ ሥዕል ታገኛላችሁ። አክሪሊክ እርጥብ ሲሆን ወተት ወተት ይላል፤ ሲደርቅ ይጠቁራል። ሌሊቱን ሙሉም ቀስ እያለ ሲሄድ ነው ያደረው። አንዳንዱ ሰው እዚህ ያዝናል፤ «ትናንት ያማረው የት ሄደ?» ይላል። እኔ ግን ሥራው የሚጀምረው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግድግዳ ላይ አቁሙት። ራቅ ብላችሁ እዩት። በአራቱም አቅጣጫ እያዞራችሁ አስቀምጡት፤ ለእያንዳንዱ ጊዜ ስጡት። ታች ይሆናል ያላችሁት ላይ ሊሆን ይችላል። በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት። ቀለሙ ሲወጣ ብርሃንና ጨለማው ይቀራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነባችሁ ሥዕሉ ለምን እንደማይስባችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ከካርቶን በL ቅርጽ ሁለት ማዕዘን ቁረጡ። ሁለቱን ገጥማችሁ እንደ መስኮት በሥዕሉ ላይ አንቀሳቅሱት። ብዙ ጊዜ ከትልቁ ሥዕል ውስጥ የተሻለ ትንሽ ሥዕል ተደብቋል።

ከዚያ ብሩሽ አንሡ። አዎ፣ ብሩሽ። በአፈሰስነው ላይ መቀባት ማጭበርበር አይደለም። የሚጮኸውን ቦታ በነጭ ወይም በግራጫ ሸፍኑት። ያማረውን ከሸፈናችሁት መሃል እንዲወጣ ተዉት። አንዳንድ ጊዜ የሰሌዳውን ግማሽ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ያ ይከብዳል፤ ቀለሙ ውድ ነዋ። ሆኖም ሰው ሥዕሉ ፊት የሚቆመው እናንተ ስለመረጣችሁለት ነው። ስስ የሆነ ብርሃን አሳላፊ ቀለም ልትደርቡ ትችላላችሁ። በአንድ ጥግ ብቻ ሁለተኛ ልታፈስሱም ትችላላችሁ። አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ልትጨምሩም ትችላላችሁ። እያንዳንዱን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ተቀምጣችሁ እዩ። እኔ ከቀባሁበት ጊዜ ይልቅ ቁጭ ብዬ ያየሁበት ይበዛል።

ጥያቄዎች

አንዲት እናት «ይሄ ዓይን የምትሉት ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ነው አይደል?» ብለው ጠየቁ። እማማ፣ መልኩ በእርግጥ ይመሳሰላል፤ አወጣጡ ግን ይለያል። የእንጀራው ዓይን ሊጡ ሲቦካ የተፈጠረው ጋዝ በምጣዱ ሙቀት ፈንድቶ ሲወጣ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። የቀለሙ ግን ቀዳዳ የለውም፤ ከታች የወጣ ሌላ ቀለም ነው። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። እርስዎ ሊጡን አይተው ውሃ እንደሚጨምሩ ያውቃሉ፤ ማንም በሚሊ ሊትር ለክቶ አልሰጠዎትም። እኔ ዛሬ ሙሉ ስለ እጅ የተናገርኩት ያንን ነው።

አንድ መምህር ተማሪዎቻቸው ቀለም መግዛት እንደማይችሉ ነገሩኝ። የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በነጭ ግዙ፤ በሊትር ሲታሰብ ከሠዓሊ ቀለም በጣም ይረክሳል። ማቅለሚያውን በትንሽ ቱቦ ለብቻው ይሸጡታል፤ ሁለት ዓይነት በቂ ነው። ሰሌዳ ከሌለ ወፍራም ካርቶን ሁለቱንም ፊት ነጭ ቀብታችሁ ተጠቀሙ፤ አንድ ፊት ብቻ ከተቀባ ይጎብጣል። ኩባያ የእርጎ ዕቃ ይሁን። ተማሪዎቹ አስቀድመው ያዩትን ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ ሦስት ቀለም ከየሰፈራቸው ይዘው ይምጡ። ልጆች ከሆኑ ጓንት ይልበሱ፤ መስኮት ይከፈት። የደረቀውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት አይፈጉት፤ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

አንድ ወጣት «ለሆቴሎች መሸጥ ይቻላል ወይ?» አለ። ይቻላል። ሐዋሳ ግድግዳ ያለው ሆቴል ሞልቷል። ግን ወንድሜ፣ በኮላ የተሠራውን አትሽጥ። ከጀርባው በምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራ ጽፈህ ፈርም። ሆቴሉ «ከሶፋው ጋር የሚሄድ አሥር ሥራልኝ» ቢልህ ደግሞ ሥራው፤ እንጀራ ነው። የራስህን ሦስት ቀለም ግን ለራስህ ሰሌዳ አስቀር።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ ከተቀመጠች ልጅ የመጣ ነው። «የታጠበበትን ውሃ የት እንድፋ?» አለች። በጣም ደስ አለኝ፤ ማንም አይጠይቀውም ብዬ ፈርቼ ነበር።

አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው። በውሃ ቀጠነ ማለት ከውሃ ጋር ጠፋ ማለት አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ቦይ ውስጥ የደፋነው ከዝናብ ጋር ሄዶ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ኩባያና ዱላ ከመታጠቡ በፊት በአሮጌ ጨርቅ ይጠረግ። የቀረውን ትንሽ ቀለም ኩባያው ውስጥ እንዳለ አድርቁት፤ ተላጦ ይወጣል። የታጠበበትን ውሃ በባልዲ አሳድሩት። ቀለሙ ይዘቅጣል። ላዩን በጨርቅ አጥልላችሁ ለሚቀጥለው ዕጥበት ተጠቀሙበት። ዝቃጩን በጋዜጣ ላይ አድርቃችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት።

ከሰሌዳው ወደ ካርቶኑ የወረደውን ግን አትጣሉት። ካርቶኑ ላይ ላስቲክ አንጥፋችሁ ከሆነ ሲደርቅ እንደ ስስ ቆዳ ተላጦ ይነሣል። በመቀስ ቆርጣችሁ በሚድየም ሌላ ሥዕል ላይ ትለጥፉታላችሁ። የዛሬውን የአባ ኮዳ ግራጫ፣ ከፈለጋችሁ ነገ መጥታችሁ ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ልጣችሁ ውሰዱ።